ልብስ የሚነበብበት መንገድ

ወልድያ ውስጥ ከአስፓልቱ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣ አንድ አጭር መንገድ አለ። ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው ከታች እስከ ላይ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በማዘጋጃ ቤት ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል፤ እኛ ግን ሽክ በር ነው የምንለው። በከተማው በሌላ ወገን ጎንደር በር የሚባል ሰፈር ስላለ፣ አንድ ቀልደኛ «የጎንደር መንገደኛ በዚያ ይግባ፣ ሽክ ያለው ደግሞ በዚህ ይግባ» ብሎ ስም አወጣለት ይባላል። ቀልደኛው ማን እንደሆነ ጠይቄ አላገኘሁም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው «እኔ ነኝ» ይላል፤ ነገር ግን ስሙ ሲወጣ እሱ ገና አልተወለደም ነበር።

እኔ በዚህ መንገድ ላይ የሀገር ልብስ እሸጣለሁ። ሱቁ የእናቴ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ ልሆን ሳስብ እናቴ ታመመችና ለጥቂት ወር ብዬ ሱቁ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጥቂቱ ወር እስከ ዛሬ አላለቀም። አግብቼ ነበር፤ ባሌ በጊዜ ሞተ፤ ልጅ አልወለድንም። ከእናቴ ልጆች የቀረነው እኔና መርሳ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበርን። ስለ ራሴ ይህ ይበቃል። መጻፍ የፈለግኩት ስለ መንገዱ ነው።

ልጅ ሳለሁ መንገዱ አቧራ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ። በግራና በቀኝ በረንዳ ያላቸው የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ በረንዳው ላይ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን አውጥተው ይሠራሉ። ገበያ የሚመጣ ገበሬ ጠዋት አቡጀዲውን ለሰፊው ሰጥቶ ይሄዳል፤ እህሉን ሸጦ ሲመለስ ሱሪው ተሰፍቶ ይጠብቀዋል። የመንገዱ ትልቅነት የጀመረው ከዚያ ነው። ከሐራም፣ ከሀብሩም፣ ከየገጠሩ የሚመጣ ሰው አሮጌውን ለብሶ ይወጣና አዲሱን ለብሶ ይወርዳል። እናቴ «ይህ መንገድ ሰው ይቀይራል» ትል ነበር። ሌላ ነገር ማለቷ አልነበረም፤ ልብሱን ማለቷ ነው።

ከዚያ አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች በዙ። ቤልቦተም የመጣው እኔ ተማሪ ሳለሁ ነው። የሱሪው አፍ ከመስፋቱ የተነሣ አቧራውን ይጠርግ ነበርና፣ አንድ ሽማግሌ ሰፊ «ማዘጋጃ ቤት ከእንግዲህ መጥረጊያ አይገዛም፤ እኔ እሰፋለታለሁ» ይሉ ነበር። ከላይኛው መታጠፊያ ላይ አንድ ፎቶ ቤት ተከፈተ። ፎቶ አንሺው ለደንበኛ የሚያውሰው አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ከረባት ነበረው። ኮቱ ለወፍራም ሰው ከኋላ ተቀዶ ነበር፤ ለቀጭን ሰው በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ፎቶው ከፊት ስለሚነሣ ማንም አያውቅም። የዚያን ዘመን የወልድያን ወንዶች ፎቶ ሰብስቦ የሚያይ ሰው ሁሉም በአንድ ኮት እንደተነሡ ያስተውላል።

በደርግ ጊዜ መንገዱ አንድ ቀለም ሆነ። ሰፊዎቹ ሁሉ ካኪ ይሰፉ ነበር። ደማቅ ልብስ የለበሰች ሴት ስታልፍ ሰው ቀና ብሎ ያያትና ቶሎ ዓይኑን ይመልሳል። እኔ ጥለቱ ጠበብ ያለ ነጠላ ብቻ አስሠራ ነበር፤ ሰፊ ጥለት የሚገዛ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ልባሽ ጨርቅ በቦንዳ መጣ፤ ከልባሽ በኋላ ደግሞ መስተዋት። የጭቃ በረንዳዎቹ እየፈረሱ የመስተዋት በር ያላቸው ሱቆች ተሠሩ፤ በሩ ላይ ራስ የሌላቸው የልብስ አሻንጉሊቶች ቆሙ። በመጀመሪያው ሰሞን አንዲት የሀብሩ ገጠር ሴት ቆማ ብዙ ካየች በኋላ ጎረቤቴን ሰፊውን «ራሱን ምን አረጋችሁት?» አለችው።

«ራሱን ገዢው ይዞ ይመጣል» አላት።

«እኔስ ይዤ መጥቻለሁ፤ አንተ ነህ የጣልከው» ብላው ሄደች። ይህን ለዓመታት እየደጋገመ ያወራ ነበር፤ የተረታበትን ወሬ የሚወድ ሰው ነው።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ወክ መጣ። ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ ተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ ሁሉም በሽክ በር ይመላለሳል። ለመግዛት አይደለም። ሽቅብ ሲወጡ ይታያሉ፤ ቁልቁል ሲወርዱ ያያሉ። ሽቅብ የሚወጣ ሰው ቀስ ይላልና ልብሱ በደንብ ይታያል፤ ስለዚህ አዲስ ጫማ የገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ሽቅብ ይወጣል። ባጃጅ በዚያ ሰዓት በመንገዱ ቢገባ የሚያሳልፈው የለም።

እኛ ባለሱቆቹ ደግሞ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ልብስ እናነብ ነበር። ይህ የመንገዱ ሙያ ነው። ፊቱ ሳይለይ፣ ሰውየው ገና ከአስፓልቱ ሲታጠፍ፣ ከልብሱ ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ እንናገራለን። ጋቢውን አጣጥፎ በአንድ ትከሻ የጣለ ከሆነ ከብት ሊሸጥ የመጣ ነው። ሦስት ሴቶች አንድ ዓይነት ሻሽ ካሰሩ ሠርግ ከቤታቸው አለ። በእኔና በሰፊው መካከል ፉክክር ነበረ። አንድ ጊዜ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ ሲመጣ እኔ «ሽማግሌ ተልኮ ነው» አልኩ።

«የለም፤ ፍርድ ቤት ነው የሚሄድ» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ኮቱን የሰፋሁት ለወንድሙ ነው። ከወንድሙ ጋር ደግሞ በመሬት ተካሰዋል። ታርቀዋል ማለት ነው፤ ወይም ሰርቆታል።»

እኔ ደግሞ የኮቶቹ ትከሻ አንዱ ዝቅ ይላል እያልኩ እቀልድበት ነበር። «ሰው ሁሉ አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው፤ እኔ የአላህን ሥራ አላርምም» ይለኛል። አርባ ዓመት ያህል ጎረቤቴ ነው። በሱቆቻችን መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ሚስቱ ሂጃብና ሻሽ ትሸጣለች፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። በኢድ ከእነሱ ቤት፣ በፋሲካ ከእኔ ቤት ነው የምንቀመጠው፤ የሥጋውን ነገር ሁለታችንም እናውቃለንና ለእንግዳው የሚሆነው ሌላ ይሠራል።

ከልብስ ሁሉ ለማንበብ የማያስቸግረው ነጠላ ነው። ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ከታየ ሰላም ነው፤ ሴትዮዋ ገበያ ወይም ጥየቃ ትሄዳለች። ነጠላው ተዘቅዝቆ ጥለቱ አንገት ሥር ከመጣ ሐዘን ነው። ይህን ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቃል። ነጠላ የማይለብሱ የሰፈራችን ሴቶች እንኳ ነጠላ የተዘቀዘቀ ሲያዩ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣው በክረምት ነው። ከወሬው በፊት መንገዱ አወቀ። የሰው ልብስ ተለወጠ። ከሰሜን በኩል የሚመጡ ሰዎች ሁለት ሱሪ ደርበው፣ በቀሚስ ላይ ቀሚስ ለብሰው ያልፉ ጀመር። መሸከም ያልቻሉትን ለብሰውት ነው። ሱቆቹ ውስጥ ደግሞ ሸራ ጫማ ብቻ ይጠየቅ ጀመር። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ የሚያምራት የባንክ ሠራተኛ፣ በወክ ሰዓት ሁሉም የሚያውቃት፣ መጥታ የወንድ ሸራ ጫማ ስትለካ አየሁ። ሰፊው አይቷት «እንግዲህ እኛም እናስብ» አለ። ቀልድ አልጨመረበትም።

የሚስቱ እናት ሽባ ሆና ተኝታ ነበር። ሊያንቀሳቅሷት አይችሉም። ስለዚህ እሱ ሁለቱን ልጆች ይዞ ወደ ደሴ እንዲሄድ፣ ሚስቱ ከእናቷ ጋር እንድትቀር ተስማሙ። ልጆቹ አሥራ ስድስትና አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ለምን እነሱን እንዳስቀደሙ ለማንም መንገር አያስፈልግም። መኪና ጠፍቶ ነበር። በእግር ወደ መርሳ፣ ከዚያ በውርጌሳ አድርገው ሊሄዱ ጠዋት ወጡ። እሱ የልኬት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ነበር፤ ከልማዱ የተነሣ ረስቶት።

ሚስቱ «ሜትርህን አውልቀው እንጂ፤ ማንን ልትለካ ነው?» አለችው።

«ደሴ ሰው ራቁቱን አይሄድም» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ አደራ፤ ጎረቤትዎን» አለኝ።

«ሂድ። እሷ ናት እኔን የምትጠብቀኝ» አልኩት።

ከሄዱ ከሁለት ቀን በኋላ ስልክ ተቋረጠ። መብራትም አልቆየም። ከተማው በሌሎች እጅ ገባ።

ከዚያ በኋላ ስለነበረው ነገር ሌሎች ብዙ ይጽፋሉ። እኔ መንገዱ ላይ ያየሁትን ብቻ ልናገር። መስተዋቶቹ ተሰባብረው ነበር። ራስ የሌላቸው አሻንጉሊቶች ልብሳቸው ተገፎ መንገድ ላይ ተጥለው ዝናብ ይመታቸው ነበር፤ እኛ ሴቶቹ አንስተን በአንዱ ሱቅ ውስጥ አስገባናቸው፤ ራቁታቸውን መተው ነውር መስሎን። ወክ ቀረ። በሽክ በር የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያለውን አሮጌ ልብስ መርጦ ይለብስ ነበር። ልጃገረዶች የእናቶቻቸውን ቀሚስ፣ እናቶች የሞቱ አያቶችን ቀሚስ ይለብሱ ነበር። ያን ጊዜ ከልብስ ማን ማን እንደሆነ ማንበብ አይቻልም ነበር። የተፈለገውም ያ ነው።

ጎረቤቴ፣ የሰፊው ሚስት፣ እናቷን ካጠበችና ከገለበጠች በኋላ ከሰዓት ላይ ከእኔ ጋር ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። የምንሸጠው የለም፤ በሩን ግማሽ ከፍተን ነው የምንቀመጠው። እሷ የምታየው ታች፣ መንገዱ ከአስፓልቱ የሚታጠፍበትን ነው። ከወደ መርሳ የመጣ ሰው ካለ ትጠይቃለች። አንዱ ውርጌሳ ላይ ብዙ ሰው እንደሞተ ይነግራታል። ሌላው ማንም እንዳልሞተ ይነግራታል። አንዱ ሁለት ልጆች የያዘ ሰው አይቻለሁ ይላል፤ ልጆቹ ወንዶች ነበሩ። እሷ አታለቅስም ነበር። ግን መኖራቸውን ወይም መሞታቸውን ሳታውቅ መዋሏ እያመነመናት እንደመጣ አይ ነበር። እናቷን ስታጎርስ እንኳ ጆሮዋ ደጅ ነው።

አንድ ቀን «እትዬ፣ እኔ ክፉውን ብሰማ ይሻለኛል እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እንዲህ በማለቴ አላህ እንዳይሰማኝ እፈራለሁ» አለችኝ።

«ሁለቱንም አትበይ» አልኳት።

መስከረም ሲጠባ እኔ መርሳ ለመሄድ ቆረጥኩ። ወንድሜ መካኒክ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ በመርሳ የመኪና ሆድ ሥር ተኝቶ የኖረ ሰው። የስኳር በሽተኛ ነበር፤ በየቀኑ የሚወጋው መድኃኒት አለ። መንገድ ከተዘጋ መድኃኒቱ ከየት እንደሚመጣ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ሰዎች በእግር እየተመላለሱ ስለነበር፣ አራት ከሚሆኑ የሀብሩ ሴቶች ጋር ተጣበቅኩ። በሶ ቋጠርኩ። ከመውጣቴ በፊት ጎረቤቴ መጥታ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ።

«መርሳ ከውርጌሳ የመጣ ሰው አይጠፋም። ይጠይቁልኝ» አለች።

«እጠይቃለሁ።»

«ክፉም ከሆነ ይንገሩኝ። እንዳይደብቁኝ። ወላሂ፣ ከደበቁኝ አኮርፋለሁ።»

«አልደብቅሽም» አልኩ።

መንገዱን ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ሄድን። ሴቶቹ እኔን እየጠበቁ በየጥላው ያርፉ ነበር። አንደኛዋ «እማማ፣ የከተማ እግር ነው ያለዎት» አለችኝ፤ ሌላዋ «ተያቸው፣ የከተማ ሰው ሽቅብ መውጣት እንጂ መሄድ መቼ ለመደ» አለች። ሽክ በርን ታውቀዋለች ማለት ነው።

መርሳ ስደርስ የወንድሜ ሚስት ጥቁር ለብሳ በር ላይ ነበረች። ወንድሜ ከሞተ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ብዙ አልቆየም። የሚያስታምመው ሁሉ በአጠገቡ ነበር፤ የሚወጋው ብቻ ነው የጠፋው። መቃብሩን አሳዩኝ። ነጠላዬን የዘቀዘቅኩት እዚያ ነው። ሳምንት ከልጆቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሰው ይመጣል፤ ይቀመጣል፤ ይሄዳል።

ከሚመጡት ሰዎች አንዷ የውርጌሳ ሴት ነበረች። ወደ ደሴ ሸሽታ ከርማ፣ ልጇ ታሞ ቀርቶ ስለነበር በተራራው በኩል ዞራ የተመለሰች ናት። ቃሌን አልረሳሁም፤ ጠየቅኳት። ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተፈናቃዮች እንደሚኖሩ፣ እዚያ በተውሶ የስፌት መኪና የሰውን ልብስ የሚጠግን የወልድያ ሰው እንዳለ ነገረችኝ። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት አለች።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኳት፤ የመጣ የሄደው ወሬ ጎረቤቴን እንዴት እንዳደረጋት አይቻለሁና።

«ረዘም ያለ ነው። ሜትር አንገቱ ላይ አለ።»

«ሰፊ ሁሉ ሜትር አንገቱ ላይ አለ። ሌላስ?»

«ባለጌ ነገር ነው። ሹራቤን እንዲጠግንልኝ ስሰጠው እያገላበጠ 'ይህን እጅጌ የሰቀለው ሰው እስካሁን አልታሰረም?' አለኝ። እኔ በለቅሶ ላይ፣ ቤቴን ጥዬ፤ ግን ሳቅኩ።»

«እሱ ነው» አልኩ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ እኔም ልስቅ ነበር። ልጆቹን ጠየቅኳት። ትንሿ ወባ ይዟት ተሽሏታል፤ ትልቋ ውኃ ስትቀዳ አይታታለች።

በማግሥቱ ወደ ወልድያ ተመለስኩ። በመንገድ ላይ የማስበው ይህን ወሬ እንዴት እንደምነግራት ነበር። ከእጅጌው ልጀምር ወይስ ከልጆቹ እያልኩ ነው የሄድኩት። ስለ ወንድሜ ማሰብ አልፈለግኩም ነበርና ይህኛው ረዳኝ። ስለዚህ ከአስፓልቱ ታጥፌ በሽክ በር ሽቅብ ስጀምር፣ ያለሁት በእሷ ወሬ ውስጥ ነው። ምን እንደለበስኩ ረስቼዋለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ነጠላ የሸጥኩ ሴት፣ ሌላው እንዴት እንደለበሰ ሳነብ የኖርኩ፣ ጥለቱ አንገቴ ሥር መሆኑን ረሳሁት።

ጎረቤቴ ደጃፉ ላይ ነበረች። ስታየኝ ብድግ አለች። ልትቀበለኝ መስሎኝ እጄን አነሣሁላት። እሷ ግን አልመጣችም። ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሻሿን ከራሷ ጎትታ ጣለችና ጮኸች። የልጆቿን ስም ጠራች፤ መጀመሪያ የትንሿን። ሴቶች ከየቤቱ ወጡ። አንዷ ከላይ ሆና እኔን አየችኝ፤ እሷም ደረቷን መታች።

ያን ጊዜ ገባኝ። እንዳይደብቁኝ ብላኛለች፤ አልደብቅሽም ብያለሁ፤ ይኸው በልብሴ ነግሬያት እየመጣሁ ነው።

መሮጥ አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ የሄደ እግር ነው። በዚያ ላይ መንገዱ ሽቅብ ነው። መጮኽ አልለመድኩም፤ ብጣራም በእነሱ ጩኸት መሀል የሚሰማኝ አልነበረም። እጄን ሳወዛውዝ ደግሞ ለቅሶ እያወረድኩ ነው የመሰላቸው። ያን አቀበት አርባ ዓመት ወጥቼዋለሁ፤ እንደዚያን ዕለት ረዝሞ አያውቅም። እሷ መሬት ላይ ፊቷን እየነጨች፣ ሁለት ሴቶች እጇን ሊይዙ ሲታገሉ፣ እኔ በእርምጃ እየተጠጋሁ ነበር።

ስደርስ ተንበርክኬ እጆቿን ያዝኩ። «ያንቺ አይደለም» አልኳት። አልሰማችኝም። «ስሚኝ። ያንቺ አይደለም። የኔ ነው። ያንቺዎቹ ደኅና ናቸው።»

ዓይኔን አየች፤ ነጠላዬን አየች። ፊቷ ላይ ሳቅ መጣ። ሳቅ ነው የምለው፤ ሌላ ቃል አላውቅለትም። ከዚያ ያልኩት ሁሉ ገባትና አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ማን?» አለች ከእጇ ሥር።

«ወንድሜ።»

«ያ ረብ። ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አጠፋሽ? ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ» አልኩና ስለ ደሴው ትምህርት ቤት ልነግራት ጀመርኩ።

«ይቆዩ። አሁን አይንገሩኝ» አለችኝ። «ደኅና ናቸው ብለዋል፤ ይበቃኛል። አሁን ለእርስዎ ላልቅስ።»

ለልጆቿና ለባሏ የጀመረችውን ለቅሶ ለወንድሜ ጨረሰችው። ወንድሜን በደንብ ታውቀው ነበር፤ ወልድያ ሲመጣ ሱቋ ደጃፍ ተቀምጦ በዘይት የጠቆረ እጁን እያሳየ ነጭ ሻሽ ልንካ እያለ ያስፈራራት ነበር። ያንን እያነሣች አለቀሰች። ሴቶቹም አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ በኔ ቤት ሰው ስትቀበል ዋለች። ከእናቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች። ስለ ባሏ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። እንዴት እንደቻለችው አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ እኔው ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሹራቡ እጅጌ ስነግራት ሳቋ አመለጣትና ቶሎ ብላ ወደ በሩ አየች፤ ሰው እንዳይሰማት።

«ሳቂ፤ ወንድሜም ይስቅ ነበር» አልኳት።

«ለቅሶ ቤት ነው» አለች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደሴም ተያዘች ተባለ። ይዤው የመጣሁት ወሬ አረጀ። ሰፊው ከዚያ ወደ የት እንደሄደ የሚያውቅ አልነበረም። እሷ እንደገና ወደ መንገዱ መታጠፊያ ማየት ጀመረች፤ እኔ ግን ከእንግዲህ መልካም ወሬ ላመጣላት የምሄድበት መንገድ አልነበረኝም። እናቷ በኅዳር ሞተች። ተራዬ ሆነና እኔ ሰው ስቀበል ዋልኩ።

ብርዱ ሲጠና ከተማው ተለቀቀ። መንገድ ተከፈተ። የሸሹት በየጭነት መኪናው፣ በእግርም፣ ይመለሱ ጀመር። ሽክ በር ላይ ሰው የመስተዋት ስብርባሪ ይጠርግ ነበር። ከሰዓት ላይ ነው፤ ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ መጥረጊያ ይዛለች፤ እኔ ከሱቄ ውስጥ ሆኜ የተረፈውን ነጠላ አይጥ ከበላው እለያለሁ። ከውጭ የልጆች ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ስል ሁለቱ ልጆች ከታች እየሮጡ ይመጣሉ። ትልቋ የወንድ ኮት ለብሳለች። እናታቸው መጥረጊያውን ጥላ መሀል መንገድ ላይ ተቀበለቻቸው፤ ሦስቱም እዚያው ተቃቅፈው ቆሙ።

እሱ ከኋላ ቀስ እያለ መጣ። ከስቶ ነበር፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ሚስቱና ልጆቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ሊናገር ሲል በአገጯ ወደ እኔ በር ጠቆመችው። አየሁ። ሳያንገራግር አልፏቸው ወደ እኔ መጣ፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«መርሳ ላይ ሰማሁ፤ ከመኪና ወርጄ ቤታቸው ደርሼ ነው የመጣሁት። አላህ ያጥናዎት፣ እትዬ» አለ።

«ያጥናን። ሂድ ቤትህ ግባ» አልኩት። «አምስት ወር ጠብቃሃለች።»

«አውቃለሁ።»

«ሂድ እንጂ። ሚስትህ ደጅ ቆማለች።»

«እሷ ናት ወዲህ ያለችኝ» አለ። «ለወንድምዎ የመጨረሻውን ቱታ የሰፋሁት እኔ ነበርኩ። ጉልበቱን ደብል አድርግልኝ፣ ጉልበቴ ከሱሪው በፊት እንዳያልቅ ብሎኝ ነበር።»

ሚስቱ ገባች፤ ከጎኑ ተቀመጠች። ልጆቹ በሩ ላይ ቆሙ። አምስት ወር ያልተያየ ባልና ሚስት ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የአንድ ሰው ቦታ ትተው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። በመርሳም፣ በመቃብሩም፣ በሦስቱ ቀንም አልመጣም ነበር። ነጠላዬን ፊቴ ላይ አደረግኩ። ማንም «በቃ» አላለኝም። ብዙ ቆይቼ ስጨርስ «አሁን ሂዱ፤ ልጆቹ ይራባቸዋል» አልኳቸው።

«አልራበንም» አለች ትንሿ ከበሩ።

«ዋሽታለች፤ ከኮምቦልቻ ጀምሮ ራበኝ ስትል ነው የመጣችው» አለ አባቷ። ግን አልተነሣም።